ብርሃኑ ይግባ፣ ፀሐይዋ ትቅር፦ የትንሽ ቢሮን የቀን ብርሃን ማስተካከያ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ በጠራራ ቀን አምፖል አብርተው የሚሠሩ ቢሮዎች ብዙ ናቸው። መስኮት አጥተው አይደለም። መስኮቱ አለ፣ መጋረጃው ግን ተዘግቷል። የተዘጋው ደግሞ ፀሐይ ስክሪን ላይ ስለምታርፍ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ ክፍሉ ይጨልማል፣ አምፖል ይበራል። መብራት ሲሄድ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ደጅ ቀኑ ፏ ብሎ በርቷል፤ ውስጥ ሥራ ቆሟል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ብርሃንንና ፀሐይን አንድ አድርገን ማየታችን ነው። ለሥራ የሚያስፈልገን ከሰማይ ተበትኖ የሚመጣው ለስላሳ ብርሃን ነው። የፀሐይዋ ቀጥተኛ ጨረር ዓይን ይወጋል፣ ክፍል ያሞቃል፣ ስክሪን እንዳይነበብ ያደርጋል። በጠራ ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) ብርሃን አለ። ለቢሮ ጠረጴዛ በተለምዶ የሚመከረው 500 ሉክስ ነው። ደጅ ካለው ላይ ጥቂቱን በአግባቡ ማስገባት ከተቻለ ይበቃል ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ከሁለት እስከ ስድስት ሰው ለሚሠራበት ትንሽ ቢሮ ነው፣ በተለይ ለተከራይ። ግድግዳ ማፍረስ አይጠይቅም። አብዛኛው ሥራ ጠረጴዛ ማዞር፣ ቀለም መቀባትና መጋረጃ መቀየር ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ክፍል እንያዝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው እንበል። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ጥልቀቱ 6 ሜትር ነው። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ያያል። የመስኮቱ ታች ከወለል 1 ሜትር፣ ላዩ 2.20 ሜትር ላይ ነው። ከባዱን አቅጣጫ የመረጥኩት አውቄ ነው። ለምዕራብ የሠራ መላ ለሌላው አያንስም።

1. መስኮታችሁ ወዴት እንደሚያይ እወቁ

መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ወደ ደጅ እያያችሁ የስልካችሁን ኮምፓስ ክፈቱ። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረት ኮምፓሱን ሊያሳስተው ስለሚችል ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትጠልቅ በዓይናችሁም አረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስለ ቀን ብርሃን ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ምክሮች አብዛኛዎቹ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተጻፉ ናቸው። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ስለ ደቡብ መስኮት ብዙ ይሰብካሉ፤ ሰሜኑን ፀሐይ የማይነካው አድርገው ያስቀምጡታል። ለእኛ ይህ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት።

አሁን አቅጣጫዎቹን በዚህ እንያቸው።

የሰሜን መስኮት ለእኛ ምርጡ ነው። ፀሐይዋ ወደ ሰሜን በምትዞርበት ጊዜ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ስለዚህ የሰሜን ፀሐይ በርትታ የምትታየው በዋናነት በሚያዝያና በግንቦት ነው። ያኔም እኩለ ቀን ላይ በጣም ከፍ ያለች ስለሆነች ትንሽ ጥላ ትመልሳታለች።

የደቡብ መስኮት የበጋዋን ፀሐይ ይቀበላል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ፀሐይዋም ዝቅ ትላለች። ታኅሣሥ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ ከፍታዋ 58 ዲግሪ ያህል ነው። ከላይ የወጣ ጥላ ካለው የደቡብ መስኮትም ጥሩ ነው።

አስቸጋሪዎቹ ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመጣለች። የምሥራቁ ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የጠዋት ፀሐይ ማንም አይጠላም፤ ረፋዱ ላይ ትሄዳለች። የምዕራቡ ግን ሕንፃው ከሞቀ፣ ሰውም ከደከመ በኋላ ይመጣል።

2. ቀኑን ሙሉ አስተውሉ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የሥራ ቀን ስጡት። በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ፀሐይዋ ወለሉና ጠረጴዛው ላይ የት እንደምታርፍ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሰዓቱንም ጻፉበት። አንድ ልብ የሚባል ነገር፦ ፀሐይዋ ትክክለኛ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በሰዓታችን ልክ 6 ላይ አይደለም። እንደ ወቅቱ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የምዕራብ መስኮት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፀሐይ አያገኘውም።

ቀጥሎ የሰማይ ፈተናውን ሥሩ። ሰው ሊቀመጥበት ባሰባችሁት ቦታ ላይ ዓይናችሁን ከጠረጴዛው ከፍታ፣ ማለትም ከወለል 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አውርዳችሁ ወደ መስኮቱ እዩ። ሰማይ ይታያችኋል? ከታያችሁ ያ ቦታ የቀን ብርሃን አለው። የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ መስኮቱ ምንም ቢሰፋ ብዙ አይረዳም። ሕንፃዎች ተጠጋግተው በሚቆሙባት አዲስ አበባ ይህ ፈተና ከማንኛውም መለኪያ በላይ ይናገራል። ሊከራዩት የታሰበን ክፍል ለማየት ስትሄዱም ከኪራዩ ዋጋ በፊት ይህን አድርጉ።

በቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ስልክ ይበቃል። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች የብርሃን ሴንሰር አላቸው፤ ሉክስ የሚለካ ነፃ አፕም አይጠፋም። ቁጥሩ እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክል አይደለም። ግን በአንድ ስልክ ውስጥና ደጅ ለክቶ ማነጻጸር ይቻላል። ሰማዩ በሙሉ በደመና በተሸፈነበት ቀን መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ለኩ። ወዲያው ሰገነት ላይ ወይም ግልጥ ሜዳ ላይ ለኩ። የውስጡን ለደጁ አካፍሉና በ100 አባዙት። ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ አብዛኛውን ቀን አምፖል ያስፈልጋችኋል። ከ5 በላይ ከሆነ ቀን ቀን አምፖሉን መርሳት ትችላላችሁ። ለምሳሌ ደጅ 10,000 ሉክስ፣ ጠረጴዛው ላይ 200 ሉክስ ካለ ውጤቱ 2 ነው።

3. ብርሃኑ እስከየት እንደሚደርስ አስሉ

የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የመስኮቱን የላይኛው ጫፍ ከወለል ለኩ፤ በ1.5 አባዙት። ጥሩ ብርሃን ከመስኮቱ እስከዚያ ርቀት ይደርሳል። በ2 ብታባዙት ደብዘዝ ያለው ብርሃን የሚያበቃበትን ታገኛላችሁ። በምሳሌያችን 2.20 በ1.5 ሲባዛ 3.30 ሜትር ይሆናል፤ በ2 ሲባዛ 4.40 ሜትር። ክፍሉ 6 ሜትር ጥልቀት አለው። ስለዚህ የመጨረሻው ሜትር ተኩል በቀን ብርሃን አይሠራበትም። ይህን ከአሁኑ መቀበል ብዙ ወጪ ያድናል።

ስሌቱ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ። ወሳኙ የመስኮቱ የላይኛው ክፍል ነው። በደመናማ ቀን አናታችን ላይ ያለው ሰማይ አድማስ አጠገብ ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ብሩህ ነው፤ ያንን ብሩህ ሰማይ የሚያየው የመስኮቱ ላይ ነው። ፒያሳ የቀሩት የቆዩ ሕንፃዎች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ረጃጅም ነው። ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባውም ለዚህ ነው። በአንጻሩ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነ አዲስ ሕንፃ ከጠረጴዛ በታች ያለው መስታወቱ ለሥራ የሚሆን ብርሃን እምብዛም አይሰጥም። ሙቀት ግን ያስገባል።

አሁን ቀና ብላችሁ መስኮታችሁን እዩ። የጂፕሰም ኮርኒሱ ወርዶ የመስኮቱን አናት ሸፍኖታል? የመጋረጃ ሳጥኑ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር መስታወት በልቷል? ቢሮ ሲታደስ እንዲህ ያለው ነገር ያለ ማንም ክፋት ይደረጋል፤ የሚወስደው ግን ምርጡን ብርሃን ነው። ኮርኒሱን ማንሳት ካልተቻለ ሳጥኑን አስነሱ። የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ በላይ ግድግዳው ላይ አስመቱት። በግራና በቀኝም ከመስኮቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዝሙት። መጋረጃው ሲከፈት ተሰብስቦ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ መስታወቱ በሙሉ ነፃ ይሆናል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል።

4. ጠረጴዛውን አዙሩ

ገንዘብ የማይጠይቀው እርምጃ ይህ ነው። ከመላው መመሪያ አንዱን ብቻ ተግብሩ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።

ሦስት አቀማመጦች አሉ። ፊት ወደ መስኮቱ ከሆነ ዓይን ብሩህ ሰማይና ስክሪን እየተቀያየረ ያያል፣ ቶሎ ይደክማል። ጀርባ ለመስኮቱ ከሆነ መስኮቱ ስክሪኑ ውስጥ ይታያል፤ የራስ ጥላም ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው መስኮቱ በጎን ሲሆን ነው። ስክሪኑ ከመስኮቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል።

በየትኛው ጎን? በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ሰው መስኮቱ በግራ ቢሆን የእጁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አይወድቅም። ለግራኝ ተቃራኒው ነው። ሂሳብና ፊርማ በወረቀት በሚሠራበት ቢሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በምሳሌያችን መስኮቱ በምዕራብ ስለሆነ ሠራተኞቹ ፊታቸውን ወደ ሰሜን ያዞራሉ፤ መስኮቱ በግራቸው ይሆናል። 1.40 በ70 የሆኑ ጠረጴዛዎችን ብንወስድ ከመስኮቱ ግማሽ ሜትር ትተን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ልክ 3.30 ሜትር ይሞላል፣ ጥሩ ብርሃን የሚደርስበት ድንበር ማለት ነው። ከኋላቸው ሌላ ተመሳሳይ ረድፍ ይገባል። አራት ሰው በቀን ብርሃን ይሠራል። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ቦታ ለፕሪንተር፣ ለፋይል መደርደሪያ፣ ለቡና ማፍያና ለአጭር ስብሰባ ይሁን።

በብዙ ቢሮ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የፋይል ቁም ሳጥኑ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሰው ጨለማው ውስጥ ይቀመጣል። ወይም መስኮቱ በሙሉ ለሥራ አስኪያጁ ክፍል ይሰጥና በፓርቲሽን ይዘጋል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ግማሹን ቀን ስብሰባ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ሰው መስኮት ጋ ይቀመጥ። ይህ ለክብርም ለሥራም የሚበጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

5. ቀለሙን አስተካክሉ

ብርሃን መስኮት ከገባ በኋላ ወደ ውስጥ የሚጓዘው ከጣሪያና ከግድግዳ እየነጠረ ነው። ነጭ ጣሪያ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ፈካ ያለ ክሬም ግድግዳ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይመልሳል። ቡናማ የእንጨት ላሚኔት ግን የሚመልሰው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ነው። እነዚያ ቡናማ ግድግዳዎችና ጥቁር ጠረጴዛዎች ለእንግዳ ግርማ ይኖራቸው ይሆናል፤ ብርሃኑን ግን ይውጡታል።

ጣሪያውን ንጹሕ ነጭ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ቀቡት። ግድግዳው ነጭ ወይም ኦፍ ዋይት ይሁን። ከሁሉ በፊት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን የኋላ ግድግዳ አንጡት፤ ውስጥ የደረሰውን ብርሃን የሚመልሰው እሱ ነው። መስኮቱ ያለበትን ግድግዳና የመስኮቱን ጥግም አትርሱ። ጥቁር ግድግዳ መሃል ያለ ብሩህ መስኮት ዓይን ይወጋል፤ ጥጉ ሲነጣ ግን ከብሩህ ወደ ደብዛዛ የሚደረገው ሽግግር ይለዝባል። የጠረጴዛ ገጽ ፈካ ያለና የማያንጸባርቅ ይሁን። መስታወት ጠረጴዛ አልመክርም።

ምድር ቤት ላላችሁ ወይም መስኮታችሁ ግቢ ለሚያይ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ፊት ለፊት ያለው አጥር ወይም ግድግዳ ግራጫ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ነጭ ቀቡት። ሰማይ ለተከለለበት መስኮት ያ ግድግዳ ዋናው የብርሃን ምንጭ ነው።

6. ፀሐይዋን መልሱ

የፀሐይን ሙቀት ከመስታወቱ ውጭ መመለስ ምንጊዜም የተሻለ ነው። አንዴ መስታወቱን ካለፈች ሙቀቷ ውስጥ ነው የሚቀረው። የራሳችሁ ሕንፃ ከሆነ ወይም አከራዩ ከፈቀደ ከመስኮቱ በላይ የሚወጣ ጥላ አሠሩ።

ምን ያህል ይውጣ? 1.20 ሜትር ቁመት ላለው የደቡብ መስኮት 75 ሳንቲ ሜትር ጥላ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን በሙሉ ይሸፍናል። ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙሉ ለሙሉ እንዲሸፍን ከተፈለገ 1 ሜትር ያስፈልጋል። ለሰሜን መስኮት በሰኔ እኩለ ቀን ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ግማሽ ሜትር ካገኘ ረፋድና ከሰዓትም ይጠበቃል። በረንዳ ያለው ቢሮ ይህን ሥራ በነፃ አግኝቷል።

ለምሥራቅና ለምዕራብ ግን ይህ መላ አይሠራም። በመጋቢት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ 29 ዲግሪ ላይ ናት። ያንኑ 1.20 ሜትር መስኮት ለመሸፈን ጥላው ከ2 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ከሰዓት 11 ላይ ወደ 23 ዲግሪ ትወርዳለች፤ ያኔ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ሊፈለግ ነው። ማንም አይሠራውም። እዚህ የሚሠራው ከመስኮቱ ውጭ በቁም የሚተከል ሰሌዳ፣ ዛፍ፣ ካልሆነም ጥሩ መጋረጃ ነው።

ተከራይ ስለሆንን ወደ መጋረጃው እንምጣ። መስኮቱን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ከወለል 1.70 ሜትር ገደማ ላይ ሁለተኛ ዘንግ ይመታ። ከዚያ በታች ወፈር ያለ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው መጋረጃ ወይም ሮለር ይሁን። ከዚያ በላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ይሰቀል። ከሰዓት 9 ላይ ፀሐይዋ ስትመጣ የታችኛው ይዘጋል፤ ስክሪንና ፊት ይጠበቃሉ። የላይኛው ስስ ጨርቅ የፀሐይዋን ጨረር በትኖ ወደ ጣሪያው ይልከዋል። ነጩ ጣሪያ ደግሞ ወደ ውስጥ ያደርሰዋል። መጋረጃው ተዘግቶም ክፍሉ አይጨልምም።

ጠዋት ደግሞ ሁሉም ይከፈት። ይህ ልማድ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ማታ የተዘጋ መጋረጃ በማግስቱም እንደተዘጋ ይውላል። ጠዋት መጀመሪያ የሚገባው ሰው እንዲከፍት ተስማሙ።

7. መስታወቱ ላይ ምን ተለጥፏል?

ጥቁር ስቲከር የብዙ ቢሮ የመጀመሪያ መፍትሔ ነው። እኔ የመጨረሻ አደርገዋለሁ። የምዕራብ ፀሐይ የምታስቸግረው በጠራ ቀን ከሰዓት በኋላ ላሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ስቲከሩ ግን ጠዋትም፣ በሐምሌ ጨለማም እዚያው አለ። ንጹሕ መስታወት 88 በመቶ ያህል ብርሃን ያሳልፋል። ከሕንፃዎቻችን ፊት የምናያቸው አንጸባራቂ መስታወቶች አንዳንዶቹ ከሩብ በታች ናቸው። እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ ካላችሁ የቀደሙትን ስሌቶች ዝቅ አድርጋችሁ ውሰዱ። ጠረጴዛዎቹንም ይበልጥ ወደ መስኮቱ አስጠጉ።

ከውጭ እንዳይታይ ከሆነ ፍላጎቱ ነጩን ደብዛዛ ስቲከር ለጥፉ፤ እሱንም በዓይን ከፍታ ላይ ብቻ። ላዩን ነፃ ተዉት።

ከዚያ እጠቡት። በበጋ አቧራ በወር አንዴ፣ ግንባታ አጠገብ ካላችሁ ከዚያም ቶሎ ቶሎ። በመስኮቱ ደፍ ላይ የተከመረውን ፋይልም አንሱ።

8. ለጨለማው ጫፍ

ከ4.40 ሜትር በኋላ ያለው ቦታ መለያያ ካስፈለገው ፓርቲሽኑ ከ1.20 ሜትር አይብለጥ። ወይም ከዓይን በላይ ያለው መስታወት ይሁን። ድምፅ ለመከልከል ሙሉ ግድግዳ የግድ ከሆነ ከላይ 50 እና 60 ሳንቲ ሜትሩን ንጹሕ መስታወት አስደርጉ፤ ወደ ኮሪደርም ብርሃን ያልፋል። ቢሯችሁ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆነ ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መተካት ይቻላል። ግን ከሥሩ ብርሃን የሚበትን ነጭ ኮርኒስ ይኑር። ፀሐይዋ አናት ላይ በምትሆንበት አገር ክፍት ጣሪያ ሥር መቀመጥ አይቻልም።

9. አምፖሉ ከቀኑ ጋር ይስማማ

የሐምሌ ከሰዓት ሰማይ ሲጠቁር አምፖል ያስፈልጋል፤ ይህ ምንም አያሳፍርም። ችግሩ በብዙ ቢሮ አንድ ማብሪያ ሁሉንም አምፖል ማብራቱ ነው። ኤሌክትሪሺያን ስታስገቡ አምፖሎቹን ከመስኮቱ ጋር ትይዩ በሆኑ ረድፎች አስከፍሉ። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ማብሪያ ይኑረው። በምሳሌያችን መስኮቱ ጋ ያለው ረድፍ አብዛኛውን ቀን ይጠፋል። የመካከለኛው በደመና ቀን ይበራል። ፕሪንተሩ ጋ ያለው ሰው ሲኖር ብቻ ይብራ። የአምፖሉ ቀለም 4,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ቢሆን ከቀን ብርሃን ጋር አይጣላም። ወረቀት ለሚያነብ ሰው ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ጨምሩለት፤ ለአንድ ሰው ብሎ ሙሉውን ጣሪያ ከማብራት ይሻላል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት ካልቻላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጀመሪያ ጠረጴዛው ይዙር፣ መስታወቱ ይታጠብ። ቀጥሎ የመጋረጃው ዘንግ ከፍ ይበል። ከዚያ ጣሪያውና የኋላ ግድግዳው ይቀባ። ባለ ሁለት ክፍል መጋረጃው ይከተል። የማብሪያ መስመሩን አከራዩ ሌላ የኤሌክትሪክ ሥራ ሲያሠራ አብራችሁ አሠሩት።